የልብ ድካምን መለየት፣ ማከምና ቤት ውስጥ መከታተል፦ ደረጃ በደረጃ፣ ለአዋቂም ለሕፃንም

ከሆስፒታል በእግሩ ወጥቶ፣ ገና ወር ሳይሞላው ሰው ደግፎት የሚመለስ የልብ ታካሚ ብዙ ነው። «ምን ሆነህ ነው?» ስትሉት መልሱ አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት አንዱ ነው። «ተሻለኝና መድኃኒቱን ተውኩት።» «ማበጤን አላስተዋልኩም።» «ወገቤን አሞኝ ማስታገሻ ወሰድኩ።» ሦስቱም ቤት ውስጥ የሚሠሩ ስህተቶች ናቸው። ስለዚህ መመሪያው ለታካሚውና ለአስታማሚው ነው። በሕፃናት በኩል ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ምልክታቸው ከአዋቂ ስለማይመሳሰል፣ ልጁ ለወራት የሳንባ ምች እየተባለ ሊታከም ይችላል።

መጀመሪያ ስሙን እናጥራ። የልብ ድካም ማለት ልብ ቆመ ማለት አይደለም። ሃርት አታክም አይደለም፤ እሱ የልብ የደም ሥር በድንገት ሲዘጋ የሚመጣ ነው። የልብ ድካም የሚባለው ልብ ለሰውነት የሚበቃ ደም መግፋት ሲያቅተው ነው። ያልተገፋው ደም ወደ ኋላ ይጠራቀማል። ከደም ሥር የሚያመልጠው ፈሳሽ ሳንባን፣ እግርንና ሆድን ይሞላል። ኩላሊት ደግሞ የሚደርሰው ደም ሲያንስ «ውኃ ጎደለ» ብሎ ጨውና ውኃ ይዞ ያስቀራል። ጭራሽ ያባብሰዋል ማለት ነው። ይህችን ከያዛችሁ የቀረው ሁሉ ይገባችኋል።

እዚህ የጻፍኩት የመድኃኒት መጠን የታዘዘላችሁን እንድታውቁት ነው። ገዝታችሁ በራሳችሁ እንድትጀምሩት አይደለም።

ደረጃ 1፦ ዕቃ አሰናዱ

- የሰው ሚዛን። ቁጥር የሚያሳይ ዲጂታል ይመረጣል። ምንጣፍ ላይ አታስቀምጡት፤ ይዋሻል። ጠንካራ ወለል ላይ አንድ ቦታ ስጡትና ከዚያ አታንሡት።
- ደብተርና እስክሪብቶ፣ ከሚዛኑ አጠገብ። «ስልኬ ላይ እጽፋለሁ» የሚል ሰው በሁለተኛው ሳምንት ሲያቆም ነው የማየው።
- ክንድ ላይ የሚታሰር የደም ግፊት መለኪያ። አንጓ ላይ የሚታሰረው በቀላሉ ያሳስታል።
- የሰባት ቀን የመድኃኒት ሳጥን።
- ሕፃን ከሆነ ታካሚው፣ መርፌ የሌለው ሲሪንጅ። የሻይ ማንኪያ የመድኃኒት መለኪያ አይደለም።

ደረጃ 2፦ የአዋቂን ምልክት ለዩ

«ያምሃል?» ብላችሁ አትጠይቁ። የልብ ድካም ብዙ ጊዜ አያምም። ሰውየው ደግሞ ሳያውቀው ኑሮውን ከድካሙ ጋር ያስማማል። ደረጃ መውጣት ይተዋል፣ መንገድ ያሳጥራል፣ «አረጀሁ» ይላል። ስለዚህ እንዲህ ጠይቁት፦

1. «ከሦስት ወር በፊት ሳታርፍ የምትወጣውን ደረጃ ዛሬ ስንት ጊዜ ቆመህ ትወጣዋለህ?»
2. «በስንት ትራስ ነው የምትተኛው? ድሮስ?» ከአንድ ትራስ ወደ ሦስት የሄደ፣ ወይም ወንበር ላይ ማደር የጀመረ ሰው ሳንባው ፈሳሽ እየያዘ ሊሆን ይችላል።
3. «ሌሊት አፍኖህ ነቅተህ ታውቃለህ?» ተኝቶ ትንሽ ከቆየ በኋላ ታፍኖ የሚነሣና መስኮት የሚከፍት ሰው ሳይውል ሳያድር ይታይ።
4. «ሌሊት ለሽንት ስንት ጊዜ ትነሣለህ?»
5. «ምግብ ቶሎ ያጠግብሃል?» የምግብ ፍላጎቱ እየቀነሰ ክብደቱ የሚጨምር ሰው ካያችሁ፣ የጨመረው ሥጋ ሳይሆን ውኃ መሆኑን ጠርጥሩ።

ቀጥሎ አውራ ጣታችሁን አምጡ። ከቁርጭምጭሚቱ ከፍ ብሎ፣ ከፊት በኩል፣ የቅልጥሙ አጥንት ላይ አሳርፉትና ቀስ ብላችሁ ተጫኑ። እስከ አምስት ቁጠሩ። አንሡ። አሁን ቦታውን በጣታችሁ ዳብሱት። ጉድጓድ ቀርቶ ከሆነ ፈሳሽ ነው። ዓይን ያላየውን ጉድጓድ ጣት ያገኘዋልና በማየት ብቻ አትፍረዱ። ተኝቶ የሰነበተ ሰው ከሆነ ደግሞ እግሩን ትታችሁ የወገቡን ታች ተጫኑ፤ ፈሳሽ ወደ ዝቅተኛው ቦታ ነው የሚወርደው።

ያበጠ ሁሉ ግን ልብ አይደለም። አንድ እግር ብቻ አብጦ ካመመ የረጋ ደም ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ሕክምና ሂዱ። አምሎዲፒን የሚባለው የግፊት መድኃኒት ልብ ደህና ሆኖም ቁርጭምጭሚት ያሳብጣል። ኩላሊትና ጉበትም ያሳብጣሉ።

አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። በእርግዝና መጨረሻ ወር ወይም ከወሊድ በኋላ ባሉት አምስት ወራት ውስጥ የሚመጣ የልብ ድካም አለ። «አራስ ናት፣ እንቅልፍ አጥታ ነው» እየተባለ ጊዜ ያልፋል። ጋደም ስትል የሚያፍናት፣ ቁጭ ስትል የሚቀላት አራስ እንቅልፍ ያጣች ብቻ አይደለችም። ዛሬውኑ ትታይ።

ደረጃ 3፦ የሕፃንን ምልክት ለዩ

አዋቂ ደረጃ ሲወጣ የሚደክመውን ያህል ሕፃን ጡት ሲጠባ ይደክማል። ስለዚህ ሲጠባ አጠገቡ ቁጭ ብላችሁ ተመልከቱት። ጤነኛ ሕፃን ይስባል፣ ይውጣል፣ ይተነፍሳል፤ የራሱ ምት አለው። ልቡ የደከመ ሕፃን ሁለት ሦስቴ ስቦ ይለቃል። ያለከልካል። ክፍሉ ሳይሞቅ ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ይላል። ሳይጠግብ ደክሞት ያንቀላፋል፣ ብዙም ሳይቆይ ርቦት ያለቅሳል። እናት «ጡቴ አነሰ» ብላ ራሷን ትወቅሳለች። ወተቱ አላነሰም፤ የሚስብበት ጉልበት ነው ያነሰው።

ትንፋሹን እንዲህ ቁጠሩ፦

1. ተኝቶ ወይም ረግቶ ሳለ ልብሱን ግለጡ። ሲያለቅስ የተቆጠረ ቁጥር አይረባም።
2. ሆዱ ሲነሣ አንድ በሉ።
3. አንድ ደቂቃ ሙሉ ቁጠሩ። 15 ሰከንድ ቆጥሮ በአራት ማባዛት እዚህ አይሠራም፤ የሕፃን ትንፋሽ ቆም እያለ ነው የሚሄደው።
4. ቁጥሩ ከፍ ካለ ትንሽ ቆይታችሁ ድገሙት።

ከ2 ወር በታች ላለ ሕፃን በደቂቃ 60 እና ከዚያ በላይ፣ ከ2 እስከ 12 ወር 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት 40 እና ከዚያ በላይ ፈጣን ነው።

ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። የሳንባ ምችም በዚሁ ቁጥር ነው የሚጠረጠረው። ስለዚህ ትኩሳት የሌለው፣ ክብደት የማይጨምር፣ ሲጠባ የሚያልበው፣ የሳንባ ምች መድኃኒት ጨርሶ እንደገና የሚመለስ ልጅ ካላችሁ አፍ አውጥታችሁ «ልቡ ይታይልን» በሉ። ሐኪሙ ጉበቱን ይዳብሳል። በሕፃን የልብ ድካም ጉበት ነው ቀድሞ የሚያብጠው። እግሩ እስኪያብጥ ከጠበቃችሁ በጣም ዘግይታችኋል።

«ሲወለድ ደህና ነበር እኮ» ይላሉ ብዙ ወላጆች። እውነታቸውን ነው። በልብ ክፍሎች መካከል ሰፊ ቀዳዳ ያለው ሕፃን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ደህና ይመስላል። በሳንባ የደም ሥሮች ውስጥ ያለው ግፊት ገና ከፍ ያለ ስለሆነ በቀዳዳው የሚያልፈው ደም ትንሽ ነው። ግፊቱ ሲወርድ፣ ከ4 እስከ 8 ሳምንት አካባቢ፣ ደሙ ወደ ሳንባ ይጎርፋል። ምልክቱም ያኔ ይወጣል።

ከፍ ያለ ልጅ ደግሞ «ሆዴን» ብሎ ያስታውካል፣ ከጓደኞቹ ጋር መሮጥ ይተዋል። ሆዱ ሲታከም ልቡ ይረሳል። የጉሮሮ ሕመም አሞት ከሳምንታት በኋላ መገጣጠሚያው ያበጠ ልጅ ከሆነ የልብ በሮቹ (ቫልቮቹ) በሩማቲክ ተጎድተው እንዳይሆን ይታይ።

የማይጠበቅበት፦ ምላሱና ከንፈሩ የጠቆረ፣ ገላው የቀዘቀዘና አመድ የመሰለ፣ መጥባት ያቆመ ወይም የዛለ ሕፃን። አትቁጠሩ፣ አትመዝኑ፤ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል።

ደረጃ 4፦ ምርመራውን አሟሉ

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፦

1. ኢሲጂ፣ ማለትም የልብን ኤሌክትሪክ የሚመዘግብ ምርመራ። የልብ ምት መዛባትንና የቆየ የልብ ጉዳትን ያሳያል።
2. የደረት ኤክስሬይ። የልብን መጠንና የሳንባን ፈሳሽ ያሳያል።
3. ደም። የደም ማነስ፣ ኩላሊት (ክሪያቲኒን)፣ ፖታሲየምና ሶዲየም፣ ስኳር፣ እንቅርት፣ የብረት ክምችት።
4. ቢኤንፒ ወይም ኤንቲ-ፕሮቢኤንፒ፣ ባለበት ቦታ። ልብ ሲወጠር የሚለቀው ነገር ነው። በተመላላሽ ታካሚ ላይ ኤንቲ-ፕሮቢኤንፒ ከ125 ወይም ቢኤንፒ ከ35 ፒኮግራም በሚሊ ሊትር በታች ከሆነ የልብ ድካም የመሆን ዕድሉ ዝቅተኛ ነው። በጣም ወፍራም ሰው ላይ ቁጥሩ ያለአግባብ ዝቅ ይላል። ዕድሜ፣ የኩላሊት ሕመምና የልብ ምት መዛባት ደግሞ ከፍ ያደርጉታል።
5. ኢኮ፣ ማለትም የልብ አልትራሳውንድ። ሌላው ሁሉ ጥርጣሬ ነው፤ ኢኮ ግን ልቡን ራሱን ያሳያችኋል።

የኢኮ ወረቀት ላይ ኢኤፍ የሚል ቁጥር አለ። ልብ አንድ ጊዜ ሲኮማተር በውስጡ ካለው ደም ስንት በመቶውን ገፋ ማለት ነው። «50 ነው ያልከኝ? ልቤ በግማሽ ነው የሚሠራው ማለት ነው!» ብሎ የሚደነግጥ ሰው አለ። አይደለም። የጤነኛ ሰው ልብም ከ55 እስከ 70 በመቶ ነው የሚገፋው፤ መቶ የሚገፋ ልብ የለም። 40 እና ከዚያ በታች ከሆነ የመግፋት አቅሙ ቀንሷል ይባላል። ከ41 እስከ 49 መካከለኛ ነው። 50 እና ከዚያ በላይ ሆኖም የልብ ድካም ይኖራል። ያኔ ልቡ መግፋት አላቃተውም፤ ደርቆ መላላትና በደም መሞላት ነው ያቃተው። «ኢኤፍህ ጥሩ ነው» ተብሎ የተሸኘ፣ ግን ደረጃ መውጣት ያቃተው ሰው ተመልሶ ይጠይቅ።

ከዚያ ክፍል ሳትወጡ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ «ምክንያቱ ምንድን ነው?» የልብ ድካም የሌላ በሽታ ውጤት ነው። የቆየ ደም ግፊት፣ የተዘጋ የልብ የደም ሥር፣ የተበላሸ ቫልቭ፣ አልኮል፣ የእንቅርት ሕመም፣ ከባድ የደም ማነስ፣ ከወሊድ ጋር የመጣ የጡንቻ ድካም፣ በልጆች ደግሞ አብሮ የተወለደ ቀዳዳ። ከእነዚህ ውስጥ ተስተካክሎ ልቡም አብሮ የሚያገግምባቸው አሉ። ምክንያቱን ሳያውቁ ፈሳሽ ብቻ ማስወጣት የሚያፈስ ቧንቧ ሳይዘጉ ወለል መወልወል ነው።

የኢኮውን ወረቀት ፎቶ አንሡትና አስቀምጡት። ከዓመት በኋላ የሚወዳደረው ከእሱ ጋር ነው።

ደረጃ 5፦ የመድኃኒቱን ሥራ ለዩ

ሁለት ዓይነት መድኃኒት አለ። ሰዎች የሚሳሳቱት ሁለቱን ስለሚያደባልቁ ነው።

አንደኛው የሚያስተነፍስ ነው። ፉሮሴማይድ፣ ብዙ ሰው ላሲክስ የሚለው። ያሸናል፣ እብጠት ይቀንሳል፣ ትንፋሽ ይሰጣል። በሰዓታት ውስጥ ስለሚታይ ሰው ይወደዋል። ጠዋት ውሰዱት። በቀን ሁለቴ ከታዘዘ ሁለተኛው ከሰዓት በኋላ ቀደም ብሎ ይሁን፤ ማታ ከወሰዳችሁት ሌሊቱን መጸዳጃ ቤት ታድራላችሁ።

ሁለተኛው ዕድሜ የሚያስረዝመው ነው። ኢኤፉ 40 እና ከዚያ በታች ለሆነ አዋቂ አራት ቡድን ነው፦

1. ኢናላፕሪል ወይም ዘመዶቹ፤ ወይም ሳኩቢትሪል-ቫልሳርታን። ኢናላፕሪል ብዙውን ጊዜ በ2.5 ሚ.ግ በቀን ሁለቴ ይጀመርና እስከ 10–20 ሚ.ግ በቀን ሁለቴ ይወጣል። ደረቅ ሳል ካመጣ ወደ ሌላ ይቀየራል። ከንፈር ወይም ምላስ ካሳበጠ አቁማችሁ ሩጡ፤ ያ እብጠት ሊያፍን ይችላል። ከኢናላፕሪል ወደ ሳኩቢትሪል-ቫልሳርታን ሲቀየር በመካከል 36 ሰዓት ይታለፋል፤ ሁለቱ አብረው አይወሰዱም።
2. ካርቬዲሎል፣ ቢሶፕሮሎል ወይም ረጅም ሰዓት የሚሠራው ሜቶፕሮሎል ሰክሲኔት። አቴኖሎል እዚህ ውስጥ አይቆጠርም። ካርቬዲሎል በ3.125 ሚ.ግ በቀን ሁለቴ ይጀመራል። ታማሚው ፈሳሽ ሞልቶት ሳለ አይጀመርም።
3. ስፓይሮኖላክቶን፣ ከ12.5–25 ሚ.ግ በቀን። ፖታሲየም ከፍ ያደርጋል። ወንድ ላይ ጡት ማሳበጥና ማሳመም ይችላል፤ ሳታፍሩ ተናገሩ፣ ምትክ አለው።
4. ዳፓግሊፍሎዚን ወይም ኤምፓግሊፍሎዚን፣ 10 ሚ.ግ በቀን አንዴ። የስኳር መድኃኒት ተብሎ ቢታወቅም ስኳር ለሌለበትም ይሰጣል። ኢኤፉ 50 እና ከዚያ በላይ ለሆነም የሚረዳ ነው። በብልት አካባቢ ማሳከክ ሊያመጣ ስለሚችል ንጽሕና ጠብቁ።

የመጀመሪያው መጠን መነሻ ነው፤ መድረሻ አይደለም። ግፊቱና ኩላሊቱ ከፈቀዱ በየሁለት ሳምንቱ ገደማ ከፍ ይላል። ለሁለት ዓመት በመነሻው መጠን ላይ የከረመ ሰው አጋጥሞኛል። ማንም አላሳደገለትም፣ እሱም አልጠየቀም። ስለዚህ በየቀጠሮው «መጠኑ ይደግ ወይ?» በሉ። ኢናላፕሪልና ስፓይሮኖላክቶን ሲጀመሩ ወይም ሲያድጉ ከ1–2 ሳምንት በኋላ ፖታሲየምና ክሪያቲኒን ይታያል። ፖታሲየም ከ5.5 ካለፈ መጠን ይቀነሳል፣ ከ6 ካለፈ ይቆማል።

ነፍሰ ጡር ወይም ለማርገዝ የምታስብ ሴት ኢናላፕሪልንና ዘመዶቹን፣ ስፓይሮኖላክቶንንም አትወስድም። አስቀድማ ትናገር።

የሚበላሽበት ቦታ፦ ካርቬዲሎል ሲጀመር የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይደክማሉ። «ይሄ መድኃኒት ጣለኝ» ብለው ይተዉታል። በድንገት ማቆም አደገኛ ነው፤ ደውሉና መጠኑ ይስተካከል። ግፊታችሁ 100 በ60 ሆኖ ሳያዞራችሁ ከቆማችሁ ደግሞ መድኃኒቱን የሚያስቆም ምክንያት የለም።

«ኢኤፌ ተስተካከለ፣ አሁን ላቁም?» የሚለውን በየሳምንቱ ነው የምሰማው። ትሬድ-ኤችኤፍ የተባለ የእንግሊዝ ጥናት ይህንኑ ሞክሯል። ልባቸው ሰፍቶ ደክሞ የነበረና ያገገሙ 51 ሰዎች ተመረጡ። ለ25ቱ መድኃኒቱ ቀስ በቀስ ቆመ። በስድስት ወር ውስጥ 11ዱ ላይ በሽታው ተመለሰ። ከቀጠሉት 26 ውስጥ በዚያ ጊዜ የተመለሰበት አልነበረም። መልሱ ይኸው ነው።

ደረጃ 6፦ የጠዋቱን አምስት ደቂቃ አትዝለሉ

1. ተነሡ፣ ሽኑ።
2. ምንም ሳትበሉ፣ ሳትጠጡ፣ በስስ ልብስ ሚዛን ላይ ውጡ።
3. ቁጥሩን ወዲያው ጻፉ። «በኋላ» የሚባል ነገር የለም።
4. ቅልጥማችሁን ተጫኑ። «አለ» ወይም «የለም» ብላችሁ ጻፉ።
5. አምስት ደቂቃ ተቀምጣችሁ ግፊትና የልብ ምት ለኩ።
6. መድኃኒት ውሰዱ፤ ምልክት አድርጉ።

ከሆስፒታል ስትወጡ እብጠት ሳይኖር የነበራችሁ ክብደት «ደረቅ ክብደት» ይባላል። የደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ በትልቁ ጻፉት። አንድ ሊትር ፈሳሽ አንድ ኪሎ ነው። ሚዛኑ ከእግራችሁ ቀድሞ ያወራል፤ እግር ላይ በግልጽ የሚታይ እብጠት እስኪመጣ ብዙ ኪሎ ገብቷል። በሦስት ቀን ውስጥ ከ2 ኪሎ በላይ ከጨመረ በዚያው ቀን ደውሉ። ሐኪሙ የፉሮሴማይድ መጠንን በራሳችሁ ለአጭር ቀን እንድትጨምሩ አስቀድሞ ፈቅዶ ከሆነ በጽሑፍ ያስቀምጥላችሁ። በተቃራኒው ከደረቅ ክብደት ወርዳችሁ ስትነሡ ካዞራችሁ ደርቃችኋል። ያም ይነገር።

ጨው በቀን ከ5 ግራም አይለፍ፤ አንድ ለጥ ያለ የሻይ ማንኪያ ማለት ነው፣ ምግብ ውስጥ ተደብቆ የሚመጣውን ጨምሮ። ጨው አቁሜያለሁ የሚል ሰው ኩብ ቅመምና የታሸገ ምግብ ሲጠቀም ታገኙታላችሁ። «የልብ ጨው» ወይም «ሶዲየም የሌለው ጨው» ተብሎ የሚሸጠው ብዙውን ጊዜ ፖታሲየም ነው። ከስፓይሮኖላክቶን ጋር ሲገናኝ የልብ ምት ሊያቆም ይችላል። አትንኩት።

ውኃ መገደብ ለሁሉም አይደለም። ሐኪም በቀን 1.5–2 ሊትር ብሎ ከወሰነላችሁ ጠዋት በጠርሙስ ለክታችሁ አስቀምጡና ከዚያው ጠጡ።

ደረጃ 7፦ እነዚህን አትውሰዱ

አይቡፕሮፌን፣ ዳይክሎፌናክና መሰል ማስታገሻዎች ኩላሊት ጨውና ውኃ እንዲይዝ ያደርጋሉ። ባለሙያ ነኝ ብዬ የምኮራው እኔ፣ አባቴ ጉልበቱን ሲያመው ዳይክሎፌናክ የሰጠሁት ራሴ ነኝ። «ለጥቂት ቀን ምን ይሆናል» ብዬ። በአምስተኛው ቀን ደብተሩን ስገልጠው 3 ኪሎ ተኩል ጨምሯል። እግሩ ገና ምንም አይልም ነበር። ለሕመም ፓራሲታሞል ይጠየቅ፤ እሱም ውኃ ውስጥ የሚፈላው ዓይነት አይሁን፣ ብዙ ሶዲየም አለው።

ቬራፓሚልና ዲልቲያዜም (ኢኤፍ ዝቅ ላለ)፣ አፍንጫ የሚከፍቱ የጉንፋን ክኒኖች፣ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ፕሬድኒሶሎን፣ እንዲሁም ፒዮግሊታዞን የሚባለው የስኳር መድኃኒት ለልብ ድካም አይሆኑም። መድኃኒት ቤት ስትሄዱ መጀመሪያ «የልብ ድካም አለብኝ» በሉ፣ ከዚያ ጉዳያችሁን።

ደረጃ 8፦ ነገር ሲበላሽ

አንድ ጊዜ መውሰድ ከረሳችሁ፣ የሚቀጥለው ሰዓት ካልደረሰ ውሰዱ። ከደረሰ ያለፈውን ተዉት። ሁለቱን አንድ ላይ አትዋጡ።

ትውከት ወይም ተቅማጥ ከያዛችሁ በዚያው ቀን ደውሉ። ፉሮሴማይድ፣ ኢናላፕሪል፣ ስፓይሮኖላክቶንና ዳፓግሊፍሎዚን ሰውነት ደርቆ ሳለ ኩላሊት ይጎዳሉ። የትኞቹ ለአንድ ሁለት ቀን እንደሚቆሙ ሐኪሙ ይንገራችሁ፤ መቼ እንደሚመለሱም ጠይቁ። ቆመው የሚረሱ መድኃኒቶች ብዙ ሰው መልሰው አስተኝተዋል።

የልብ ምታችሁ በዕረፍት ከ50 በታች ከወረደና ካዞራችሁ፣ ቀጣዩን ካርቬዲሎል ሳትወስዱ ደውሉ።

ሌሊት በድንገት ካፈነው፣ ሮዝ አረፋ ያለው አክታ ካወጣ፣ ደረቱን ካመመው ወይም ራሱን ከሳተ፦

1. አምቡላንስ ጥሩ።
2. አታስተኙት። አልጋ ጠርዝ ላይ ቁጭ አድርጉት፣ እግሩን ወደ ታች አውርዱ፣ ጀርባውን ደግፉ። ራሱን ከሳተ ግን በጎኑ አስተኙት፣ ትንፋሹን እዩ።
3. ልብሱን አላሉ፣ መስኮት ክፈቱ።
4. ውኃም ምግብም አትስጡ።
5. ደብተሩንና የመድኃኒቶቹን ሳጥን ይዛችሁ ሂዱ።

ድንገተኛ ክፍል ስትደርሱ በቀን ስንት ሚሊ ግራም ፉሮሴማይድ እንደሚወስድ ተናገሩ፤ በደም ሥር የሚሰጠው መጠን ከዚያ ተነሥቶ ነው የሚሰላው። የደም ኦክስጅኑ ከ90 በመቶ በታች ከሆነ ኦክስጅን ይደረግለታል። ሽንቱን አትድፉ! ይለካል። መድኃኒቱ መሥራት አለመሥራቱ የሚታወቀው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ስንት ሚሊ ሊትር ወጣ በሚለው ነው። «ደክሞታልና ግሉኮስ ይተከልለት» ብላችሁም አትለምኑ። በፈሳሽ ለታፈነ ሰው ፈሳሽ መጨመር ነው።

ደረጃ 9፦ ልጁን ቤት ውስጥ ስትከታተሉ

የልጅ መድኃኒት በኪሎ ነው የሚሰላው። ፉሮሴማይድ ብዙውን ጊዜ በአንድ ጊዜ 1 ሚ.ግ በኪሎ ነው። ልጁ ሲያድግ መጠኑ አብሮ ካላደገ በዝምታ እያነሰው ይሄዳል። በየቀጠሮው «በዛሬው ክብደቱ ይሰላልን» በሉ።

ብልቃጡ በተቀየረ ቁጥር ጥንካሬውን አንብቡ። በአንድ ሚሊ ሊትር ስንት ሚሊ ግራም ይላል? ያለፈው 5፣ አዲሱ 10 ከሆነና እናንተ ያንኑ ሚሊ ሊትር ከቀጠላችሁ እጥፍ ሰጣችሁ። ዲጎክሲን የሚባለው የልብ መድኃኒት ከሆነ ስህተቱ ሊገድል ይችላል። የሚያድነውና የሚጎዳው መጠን በጣም ይቀራረባሉ። ዲጎክሲን ሰጥታችሁት ካስመለሰ አትድገሙ። ከሌሎች ሕፃናት ራቅ አድርጋችሁ ቆልፉበት።

መመገብ ላይ ቶሎ ቶሎ፣ ትንሽ ትንሽ። አንዱ ምግብ ከ30 ደቂቃ አይለፍ፤ ከዚያ በኋላ የሚያቃጥለው ከሚያገኘው ይበልጣል። ጡት አታቋርጡ። ካልበቃው የታለበ የእናት ጡት ወተት ላይ ካሎሪ መጨመር ወይም በአፍንጫ ቱቦ መመገብ ይቻላል። ቱቦ ሲባል ብዙ እናቶች ያለቅሳሉ። ልጁ ግን ጉልበቱን መልሶ የሚያከማቸው በዚያ ነው። የሕፃንን ውኃም ሆነ ወተት በራሳችሁ አትገድቡ።

ክትባቱ አይዝለል። ሩማቲክ ያለበት ልጅ የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌውን በየ3 ወይም 4 ሳምንቱ፣ እንደታዘዘለት፣ ሳያዛንፍ ይውሰድ። አንዱ መርፌ ቀርቶ የሚመጣ የጉሮሮ ሕመም የቀረውን ቫልቭ ሊጎዳ ይችላል።

ቀዳዳ ያለበት ልጅ መድኃኒቱ የሚያቆየው እስኪዘጋለት ነው። አንዳንዱ ቀዳዳ በራሱ ይጠባል፣ ሰፊው ግን ጥገና ይፈልጋል። «መድኃኒቱ ከተስማማው ምን ቸኮልን» አትበሉ። የሳንባው የደም ሥሮች በብዙ ደም ብዛት ከደነደኑ በኋላ መዝጋት የማይቻልበት ጊዜ ይመጣል። የቀዶ ሕክምናው ቀን መቼ እንደሆነ በሚቀጥለው ቀጠሮ ጠይቁ፤ ቀኑን ደብተሩ ላይ፣ ከክብደቱ ጎን ጻፉት።